የመጸየፊያው ክፍል

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሌን፤

የጎተንበርግ ብርድ አጥንትሽ ሳይገባ፣ የሆስፒታሉ ሥራ ሳያጎሳቁልሽ ይህ ወረቀት ይድረስሽ። ቀጥዬ «እኛ ደህና ነን» ልል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም።

በስልክ ያልነገርኩሽ አጎትሽ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። መቀመጡስ ባልከፋ፤ የምናገረውን እየተከተለ ይደግማል። «ብሌንዬ እንዴት ነሽ?» ስል «ብሌንዬ እንዴት ነሽ?»፣ «እባክህ ዝም በል» ስል «እባክህ ዝም በል»። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ጻፍኩልሽ። ጎረቤታችን ሐዳሳ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም መላክ አስተምራኛለች።

ሳላሽሞነሙን ልንገርሽ። ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ አሞራ ገደል ወረድኩ። ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። ምንድነው ብዬ ብጠጋ አጎትሽ ነው። ዓሣ የሚያጸዱት ሰዎች ሆድ ዕቃውን ለአባ ኮዳ የሚጥሉበት ቦታ ላይ ተንበርክኮ፣ ከዚያ መላጣ ወፍ ጋር ይሻማል። ያነሳና ይበላል። ጉንጩ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎ ነበር። ሲያየኝ ቅንጣት አላፈረም። «ተዋበች፣ እጅሽን ታጥበሻል?» አለኝ።

ማን እንደሆነ አትርሺ። ሠላሳ ዓመት የዚህን ከተማ ሥጋ ቤትና የምግብ ቤት ኩሽና ሲፈትሽ የኖረ የንጽህና ተቆጣጣሪ ነው። በዝንብ ምክንያት ሆቴል ያሸገ ሰው ነው። ሙሽራ ሆኜ የሠራሁትን የመጀመሪያ ወጥ ሳይቀምስ ጥፍሬን ነው ያየው። ያ ገብረየስ ነው የዓሣ አንጀት የሚጎትተው።

ባለፈው ወር ደግሞ የእድራችን ዳኛ የአቶ ኩማ እናት አርፈው ድንኳን ተቀምጠን ሳለ፣ አቶ ኩማ ግጠው ያስቀመጡትን አጥንት ከሳህናቸው ላይ አንስቶ መጠጠ። ከዚያም በሐዘንተኛው ፊት ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የእድሩ ሰው ስንመጣ ወንበሩን ያርቃል።

ተጸየፍኩት፣ ብሌን። ባሌ ነው፤ ግን ተጸየፍኩት። ልብሱን በሁለት ጣቴ ይዤ ነው የማጥበው።

ሁለት ነገር ላኪልኝ። አንደኛ፣ ሆስፒታል ውስጥ የምትጠቀሙበትን ጠንካራ የእጅ ሳሙና። ሁለተኛ፣ ለእሱ የተጻፈ የተግሣጽ ደብዳቤ። አንቺን ያሳደገ ነው፤ ሌላ ሰው ባያፍር አንቺን ያፍራል።

አሳዳጊሽ ተዋበች

*

ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተዋበች፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እግዚአብሔር ጉልበቱንም ትዕግሥቱንም ይስጥዎ እያልኩ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ሳሙናው ተገዝቷል፤ ሰው ሲገኝ እልካለሁ። ተግሣጹን ግን አልጽፍም። ጋሼን እባክዎ አይቆጧቸው። ይልቅ የምጠይቅዎትን ይመልሱልኝ፦ መቼ ጀመራቸው? ጣፋጭ ያበዛሉ? ሲያዝኑ ወይም ሲታመሙ ካዩዎት ግድ ይሰጣቸዋል? መንገድ ይጠፋባቸዋል ወይስ ያውቁታል? ከዚያ በተቻለ ፍጥነት የጭንቅላት ኤምአርአይ ያስነሱልኝና ሥዕሉን በሲዲ ተቀብለው ይላኩልኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ማሽኑን የማንቀሳቅስ ባለሙያ ነኝ። ነገር ግን በየሳምንቱ የማየው ሥዕል ስለሆነ የት እንደምመለከት አውቃለሁ።

አክባሪዎ ብሌን

*

ሐዋሳ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሌን፤

የእመቤታችን ጥላ ከላይሽ አይነሳ። ሥዕሉ ተነስቷል፤ ሐዳሳ ሥራ ቦታዋ ኮምፒውተር ላይ ጭና ልካልሻለች። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ «የመኝታው ጨርቅ ተቀይሯል?» ብሎ ሠራተኛዋን ጠየቃት። ሲወጣ መሬት የወደቀ ማስቲካ አንስቶ አኘከ። የማን አፍ እንደነበረበት እግዚአብሔር ይወቅ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሳያቋርጥ ሲያላምጥ አላስቻለኝም፤ ባሕል አዳራሽ ጋ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ጥያቄሽን ልመልስ። መቼ ጀመረው ላልሽው፣ አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ታውቂያለሽ፣ እሱ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ ጥሬ ዓሣ በአፉ ዞሮ አያውቅም። የሐዋሳ ሰው ሐይቁ ዳር ቆሞ በዳጣ ሲበላ እሱ ስለ ትል ያስተምር ነበር። እኔ ስበላ ፊቱን ያዞራል። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ እሑድ ከእጄ ላይ ነጥቆ በላ። ድገሚኝ አለ። ብሌን፣ ደስ አለኝ! «በመጨረሻ የሐዋሳ ሰው ሆነ» ብዬ ለሐዳሳ አወራሁላት፤ ለዓሣ ሻጮቹ ሁሉ «ባሌ ተለወጠ» አልኩ። እልል ብዬ የተቀበልኩት በሽታ ኖሯል። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይደነግጥ ነበር፤ እዚህ ግን ማን ይጠረጥራል?

ጣፋጭ ላልሽው፣ ስኳር በማንኪያ ከዕቃው ይበላል። ግድ ይሰጠዋል ወይ ላልሽው፣ በነሐሴ ደረጃ ላይ ወድቄ ጉልበቴ ሲደማ ተራምዶኝ አልፎ ማቀዝቀዣ ከፈተ። መንገድ ግን አይጠፋበትም። የልደትሽን ቀን ያውቃል። የጤና ደንቡን ከነአንቀጹ ይወጣዋል።

እዚህ ጋ ነው የምበሳጨው። ሐኪሙ «የአንጎሉ የፊት ለፊት ክፍል ሟሟ» አለኝ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንጎሉ የሟሟ ሰው አንቀጽ በቃሉ ይላል? አእምሮውን የሳተ ሰው የልደት ቀን ያስታውሳል? አውቆ ነው የሚያደርገው። በስተርጅና ስድ ሆነ፣ ሌላ ስም የለውም።

ተዋበች

*

ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተዋበች፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎ መድማቱን ገና አሁን መስማቴ አሳፍሮኛል። ሥዕሉን አይቼ ለአንዲት እዚህ ላለች የአንጎል ሐኪም አሳይቻለሁ። ሐኪምዎ የነገሩዎት እውነት ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የሳሉልንን አንጎል አልረሳሁትም። ተማሪው ሁሉ ጥቅል ጎመን መስሎት ስቆ ነበር። የኋላው ለማየት፣ የጎኑ ለመስማት፣ ማጅራት ላይ ያለችው ታናሿ ሚዛን ለመጠበቅ፣ የፊቱ ለማሰብ ብለው በቀለም ጠመኔ ለዩልን። በዚያው ሥዕል ጋሼን እንያቸው። ከወፉ ጋር ሲሻሙ የቱ አንጀት፣ የቱ ድንጋይ እንደሆነ አይስቱም፤ የኋላው ክፍል ደህና ነው። ተንበርክከው ሳይወላገዱ ይነሳሉ፤ ታናሿም ደህና ናት። ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አዲስ ነገር የሚመዘግብ ጣት የሚያህል ክፍል አለ፤ እሱም ገና አልተነካም። ልደቴንና አንቀጹን የያዙት ለዚህ ነው፤ ሰው «አውቀው ነው» የሚላቸውም ለዚህ ነው።

የተጎዳው ከግንባራቸው አጥንት ጀርባ ያለው ነው። እጃችን ወደ ሰው ሳህን ሊሄድ ሲል ይዞ የሚመልሰው እሱ ነው። እርስዎም እኔም በቀን መቶ ጊዜ የማይረባ ነገር ያምረናል፤ ይህ ክፍል ይከለክለናል፣ መከልከሉንም አናውቀውም። ጋሼን የሚከለክላቸው የለም። የሰው ቃል አፋቸው ላይ ሲመጣም የሚያቆመው የለም፤ መድገማቸው ከዚያ ነው።

ሌላም አለ። ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ሌሎቹ ክፍሎች ሸፍነውት ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ኢንሱላ የሚባል ሥፍራ አለ። የተበላሸ ወተት ሲሸትዎ ሆድዎን የሚያገላብጠው፣ ያን ዕለት ከባጃጅ ያስወረደዎትም እሱ ነው። የሌላው ሰው ሕመም እኛን እንዲያመን የሚያደርገውም በከፊል እሱ ነው፤ የጉልበትዎ ደም ግድ ያልሰጣቸው ለዚህ ይመስለኛል። በጋሼ ሥዕል ላይ ያ ሥፍራ ሳስቶ ዙሪያው ጥቁር ክፍተት ሆኗል። ከእኛ ሁሉ ይልቅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሳቸው ዘንድ ሲሠራ የኖረው ክፍል መሆኑ አንጀቴን በላው።

መድኃኒት የለውም፣ እትዬ። ስኳሩን ይቆልፉበት፤ ምግብ በሰዓቱ ይስጧቸው፤ ወደ ሐይቁ የሚሄዱትን ዓሣ በማይጸዳበት ሰዓት ያድርጉት።

አንድ ጥያቄ። ነፍሷን ይማርና እናቴ ፍሬሕይወት የጋሼ ታላቅ እህት ናትና፣ ወደ መጨረሻው ስኳር ታበዛ ነበር? የሰው ንግግርስ ትደግም ነበር? እኔ አሥር ዓመቴ ስለነበር በደንብ አላስታውስም።

ብሌን

*

ሐዋሳ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሌን፤

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰሽ። ሳልጽፍ የቆየሁት እጄ ሥራ ስለማይፈታ ነው።

ኢንሱላ አልሽኝ። ስሙን ማወቄ ሽታውን አላጠፋልኝም። ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር «ለማፈር የቱ ክፍል ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ ቢጠይቀኝም አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ። ምን ይጠቅመኛል? የእሱ ሞተ፤ የእኔው ግን የሁለት ሰው ድርሻ ይሠራል።

የጥምቀት ዕለት ታቦት ስንሸኝ እጁን ይዤው ነበር። ነጠላዬን ላስተካክል ብለቀው፣ ሰው መጥጦ የተፋውን የሸንኮራ አገዳ ከመሬት እያነሳ ይመጥጣል። አንዱን ጨርሶ ሌላ ያነሳል። አፉ ላይ አፈርና የሰው ምራቅ። ልጆች ስልክ አውጥተው ቀረጹት። ያስተማርኳቸው ልጆች እናቶች ናቸው የቆሙት። ከዚያ መጥቶ በዚያው አፉ ጉንጬን ሳመኝ። ቤት ገብቼ ጉንጬን አንቺ በላክሽው ሳሙና እስኪላጥ ፈተግኩት።

ሳህኑን ለይቻለሁ። ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን የቆርቆሮ ኩባያም ከዕቃ ቤት አውጥቼ የእሱ ብቻ አድርጌዋለሁ። የሚበላው ጓሮ ባለው ሰርቪስ ነው።

አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ቡሹሎ፣ ጤና ጣቢያውን አለፍ ብሎ፣ ጸጥ ያለ አንድ ክፍል ቤት አግኝቻለሁ። ተፈራ የሚባል ገበሬ ነው ባለቤቱ፤ ምግብ ያቀብለዋል። ቤቱ የምናውቀው ነው፣ ክፉ አይደለም። እሱን ከቤት ሳወጣ እድሩ እንዳይሰርዘን የሥጋ ዘመድ ቃል ጠይቋል፤ ልጅ የለንም፣ ያለሽው አንቺ ነሽ። «ተስማምቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ፤ ለአቶ ኩማ አሳየዋለሁ።

ተዋበች

*

ሐዋሳ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሌን፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤዬን በደረሰሽ ዕለት እንዳነበብሽው ስልኩ ላይ ይታየኛል፤ ሐዳሳ ሁለቱን ጭረት አሳይታኛለች። ወር ከሁለት ሳምንት አለፈ። ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።

የቤቱን ቁልፍ ተቀብያለሁ። ከፋሲካ በፊት ልወስደው ነው። በዓሉን ቢያንስ እንደ ሰው ልብላው። ዝምታሽን እንደ እሺታ ልቁጠረው?

ተዋበች

*

ጎተንበርግ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተዋበች፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ዝምታዬን እንደ እሺታ አይቁጠሩት። አልተስማማሁም።

እናቴን ጠይቄዎት አልመለሱልኝም። ኩባያውና ቤቱ መለሱልኝ። ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ኩባያ የእናቴ ነበር። እጀታው አጠገብ ተላልጦ ጥቁር ነጥብ አለው፤ አሁንም ካለ ይዩት። ቤቱም እናቴን ያስቀመጣችሁበት ያው ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር እሄድ ነበር። ጋሼ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ምግቡን ደጃፉ ላይ ያስቀምጣሉ፤ እኔን ደጁ ላይ ከወደቀው ግንድ አታልፊ ይሉኛል። እናቴ በመስኮቱ «ብሌን!» ትላለች። ጋሼ «ዝም በይ» ሲሏት «ዝም በይ» ትላለች። ያን ጊዜ የምታሾፍባቸው ይመስለኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ።

ባለጌ ናት አላችሁ፤ እኔም አመንኩ። ቀሚሷን ገልባ መንገድ ላይ በመሽናቷ ትምህርት ቤት ሲሰድቡኝ ከእናንተ ይልቅ እኔ ጠላኋት። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ዞር ሲሉ ሮጬ ስሄድ በመስኮቱ ሳመችኝ፤ አፏ ይሸት ነበር። እየተመለስኩ ጉንጬን በሣር ጠረግሁ። በሚቀጥለው ወር ሞተች። እርስዎ ጉንጬን በሳሙና ፈተግኩት ብለው ሲጽፉልኝ ሁለት ወር ብዕር ማንሳት ያቃተኝ ለዚህ ነው። ስለ እናንተ ሳስብ ያጥወለውለኛል፤ ስለ ራሴም እንዲሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ የሚሰማኝን ነው የጻፍኩት።

ጋሼ ክፉ ሰው ስለሆኑ አልነበረም። ያ ክፍል እሳቸው ዘንድ በርትቶ ይሠራ ስለነበር እህታቸውን መቅረብ አቃታቸው። አሁን እሳቸው በእሷ ቦታ ናቸው፤ እርስዎ ደግሞ መሐረቡን ይዘዋል።

ሌላም የደበቅሁት አለ። በአንድ ቤት ሁለት ሰው ከያዘ በዘር የሚሄደው ዓይነት ሊሆን ይችላል። በታኅሣሥ ደሜን ሰጥቻለሁ። ውጤቱ ደርሷል፤ ለመቅረብና ለመስማት ቀጠሮ ሰጥተውኝ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚህ ብቻዬን ነው የምበላው። ያ ነገር ከመጣብኝ ኩባያዬን የሚለየው ማን እንደሚሆን እንኳ አላውቅም።

ብሌን

*

ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሌን፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው ነው የጨረስኩት።

ለጥያቄሽ መልስ፦ አዎ። ፍሬሕይወት ስኳር ትበላ ነበር፤ ትደግምም ነበር። ኩባያውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ለገብረየስም «ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ በአራተኛው ቀን ቤቱን ፈልጎ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት በእሱ ላይ ጥዬው ኖሬያለሁ፤ አንቺም በእሱ ላይ እንድትጥዪው ትቼሻለሁ። ጥቁሩ ነጥብ አለ፣ አይቼዋለሁ።

የስቅለት ማግስት ቤቱን ላጸዳ ቡሹሎ ሄድኩ። ደብዳቤሽ ተንዶብኝ እንኳ ልወስደው ነበር ሐሳቤ፤ አልዋሽሽም። መጥረጊያና ዲዲቲ ይዤ ገባሁ። ለመጥረግ በሩን ከውስጥ ልዘጋው ብል መወርወሪያው የለም። ውጭ በኩል ነው ያለው። ድሮም አውቀዋለሁ፤ ግን ውስጥ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። መስኮቱ ሥር ግድግዳው በእጅ ብዛት ጠቁሮ ወዝቷል፤ የሰው ቁመት ልክ። ተፈራ ኖራ ቀብቶት እንኳ ውስጡን አልለቀቀም። ወጥቼ ግንዱ አጠገብ አስመለስኩ። ያስመለሰኝ ቆሻሻው አልነበረም። ቁልፉን ለተፈራ መልሼ በባጃጅ ተመለስኩ።

የፋሲካ ዕለት ሐዳሳ መጣች፤ አቶ ኩማም እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ገብረየስን ከሰርቪስ አምጥቼ ከገበታው አስቀመጥኩት። አቶ ኩማ ወንበራቸውን ሲያርቁ አየሁ። አጎትሽ ሥጋ አንስቶ አኘከ፤ አልጣመው ይሁን፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከአፉ አወጣው። በእንጀራ ጠቀለለው። መረቁ በክርኑ ይወርዳል። ጥፍሩ ሥር ያለውን አልነግርሽም። ወደ እኔ ዞሮ «ተዋበች፣ እጅሽን ታጥበሻል?» አለኝ።

«ታጥቤያለሁ» አልኩት።

«ታጥቤያለሁ» አለና ጉርሻውን ወደ አፌ ዘረጋ።

ብሌን፣ ዓይኔ አለቀሰ። ያ ኢንሱላ የምትዪው በሙሉ ጉልበቱ «አትጉረሺው» አለኝ። ሰውየው ምንም አያውቅም፤ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ አቶ ኩማም ይጠብቃሉ። ከፈትኩና ጎረስኩ። የለሰለሰ ነበር፣ የሞቀም ነበር። ዋጥኩት። አቶ ኩማ ሳይበሉ ተነስተው ሄዱ፤ እድሩ ቢሰርዘንም ይሰርዘን። ሐዳሳ ፊቷ ተጨማዶ ከእኔ ጋር ቀረች።

ፍቅር አሸነፈ ብለሽ እንዳታስቢ። አሁንም እጸየፈዋለሁ። ዛሬም ልብሱን በሁለት ጣቴ ነው የያዝኩት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ሳህን ነው የምንበላው። ሰማያዊውን ኩባያ እኔ እጠጣበታለሁ፤ እሱን በመስታወት ብርጭቆ አጠጣዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቴ አስመልሶኛል፤ በዚህኛው አንዴ።

ከአሁን ወዲህ ሳሙናም ሌላም አትላኪልኝ። የምለምንሽ ቀጠሮሽን አትሰርዢ። ሂጂና ስሚው። ከሌለብሽ እልል እንላለን። ካለብሽም፣ ስኳሩ ሳይጀምርሽ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ወደዚህ ነይ። ሰርቪሱን አፍርሼዋለሁ፤ የምትተኚው ከእኛ ጋር ነው። ከመሬት ያነሳሽውን ብታጎርሺኝም እጎርሳለሁ፤ በአጎትሽ እጅ እየተለማመድኩልሽ ነው።

እናትሽ ተዋበች